የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ «ፎርቱን ካሬ»ን ለወጣቶች ማሳየት ይገባልን?

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ስላገኘናቸው የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩም ፈረንሳዮች በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ስለ አፍሪካና ስለ ቀይ ባሕር አካባቢ የሠሯቸው የጀብዱ ፊልሞች ናቸው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ቅዳሜ ማታ ለወጣቶች የቆዩ ፊልሞችን እናሳያለን፤ ከፊልሙም በኋላ እንወያያለን። በቅርቡ የመረጥነው በ1955 የተሠራውን «ፎርቱን ካሬ» የተሰኘ የፈረንሳይ ፊልም ነበር። ይሁን እንጂ በውይይታችን የሚሳተፉ አንድ የተከበሩ አባት፣ የታሪኩ ደራሲ አገራችንን የባሪያ ንግድ አገር አድርጎ በዓለም ፊት ያሳጣ፣ ወዳጁም ለፋሺስት ኢጣሊያ የወገነ ሰው ስለሆነ ፊልሙ ሊታይ አይገባውም ብለው ተቃወሙ። እርሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ወጣቶቹ ግን ፊልሙን ለማየት ጓጉተዋል። እውነቱ ምንድን ነው? ብናሳየውስ ነውር ይሆንብናልን?

መልስ፦ አባታችን ያነሡት ቅሬታ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ሆኖም ሁለት በጣም የሚለያዩ ሰዎችን በአንድ ሚዛን መዝነዋል፤ በዚህም ምክንያት ለአንደኛው የሚገባው ፍርድ በሌላው ላይ ወድቋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ፊልሙን ያዘጋጀው በርናር ቦርደሪ ነው። ቦርደሪ በ1950ዎቹ ኤዲ ኮንስታንቲን በተወነባቸው የወንጀል ፊልሞች፣ ኋላም በ1960ዎቹ በ«አንጀሊክ» ተከታታይ ፊልሞች ስሙ የገነነ፣ ሕዝብ የሚወደውን ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ነበር። ዋና ዋና ተዋናዮቹ ሜክሲኳዊው ፔድሮ አርሜንዳሪዝ፣ ፈረንሳዊው ፖል ሜሪስ፣ እንዲሁም ጣሊያናውያኑ ፎልኮ ሉሊና አና ማሪያ ሳንድሪ ናቸው። ታሪኩ የቀይ ባሕር ሆኖ ሳለ፣ ከባሕሩ በወዲህም ሆነ በወዲያ ያለ አገር ሰው ከዋናዎቹ ተዋናዮች መካከል አንድም የለም። ይህን ወጣቶቹ ራሳቸው እንዲያስተውሉት ቢደረግ መልካም ነው፤ የዘመኑ ልማድ ስለነበር ማንም እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ በ1932 ያሳተመው ዦዜፍ ኬሰል ነው። ኬሰል በ1898 በአርጀንቲና ከሩሲያ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ አየር ኃይል የተዋጋ፣ ከዚያም ዓለምን እየዞረ በዘገባዎቹ ስመ ጥር የሆነ ጋዜጠኛ ነው። በ1930 «ለ ማተን» የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በኢትዮጵያና በቀይ ባሕር ስላለው የባሪያ ንግድ መርምሮ እንዲጽፍ ላከው። ኬሰልም በዚያ ጉዞው መንገድ መሪ ያደረገው በጅቡቲና በአካባቢው ብዙ ዘመን የኖረውን፣ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ጥግ በጥግ የሚያውቀውን አንሪ ደ ሞንፍሬድን ነበር። ከጉዞው ሁለት ነገሮች ተገኙ፦ አንደኛው በዚያው ዓመት የወጣው ተከታታይ ዘገባ፣ ሁለተኛው ከየመን ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አገራችን ቆላ የሚሻገረው ይህ ልብ ወለድ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ሞርዶም የተባለውን መርከበኛ ደራሲው የቀረጸው ሞንፍሬድን እያሰበ ነው።

ሁለቱን ሰዎች ለያይተን ማየት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሞንፍሬድ በ1911 ወደ ጅቡቲ መጥቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ጀመረ፤ ከዚያም ዕንቁ ፈለገ፣ መሣሪያ አሻገረ፣ ሐሺሽ ነገደ፤ በድሬዳዋም ንብረት አፈራ። በ1933 ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ ቂም ይዞ ከፋሺስቶች ጎን ቆመ፤ አገራችን በተወረረችም ጊዜ ከጣሊያኖች ጋር ተመልሶ መጣ። ጣሊያኖች ሲሸነፉ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ ወሰዱት። በእርሱ ላይ የአባታችን ፍርድ ትክክል ነው፤ አንዲት ቃል አልቀንስበትም። ኬሰል ግን በሌላ መንገድ የሄደ ሰው ነው። ናዚዎች ፈረንሳይን በያዙ ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፈ፤ በ1943 ወደ ለንደን ተሻግሮ ከወንድሙ ልጅ ከሞሪስ ድሩዎን ጋር የፈረንሳይ አርበኞች ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር ግጥም ጻፈ። ፋሺዝምን በብዕሩም በአካሉም የታገለን ሰው የፋሺስት ወዳጅ ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ስለ ባሪያ ንግዱ የተነሣው ቅሬታ ከዚህ የበለጠ ከባድ ስለሆነ በቅንነት ልመልስ። ኬሰል የጻፈው የባሪያ ንግድ በእርግጥ ነበር። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች በግዳጅ የተወሰዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በአውሳ በረሃ በኩል ወደ ታጁራ ተነድተው፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ይህ የምሥራቁ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ በእኛው በጎጃም ያልፍ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ዓባይን ተሻግረው የሚመጡ ነጋዴዎች ቡናውንም፣ ወርቁንም፣ ሰዉንም ይዘው የሚወጡት ወደ ባሶ ገበያ ነበር፤ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ይቀጥላሉ። የታሪክ መምህር ነዎትና ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ወጣቶቻችን በፊልም ያዩትን የታጁራ መንገድ ሲወያዩበት የባሶን ገበያ ሳይሰሙ ቢወጡ፣ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ኃጢአት ሆኖ ይቀርባቸዋል።

የአባታችን ቁጣ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው ይህ እውነት በምን ሥራ ላይ እንደዋለ ሲመረመር ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በ1924ም ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ደንብ ወጣ። አፈጻጸሙ አዝጋሚ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። ሙሶሊኒ ደግሞ በ1935 ወረራውን ሲጀምር፣ ባሪያ ነፃ ላወጣ ነው የመጣሁት እያለ ለዓለም ይለፍፍ ነበር። መርዝ ጋዝ የጫነ አውሮፕላን ይዞ የመጣ ነፃ አውጪ! የአውሮፓ አንባቢ ግን ከዓመታት በፊት በጋዜጣ ያነበበውን እያስታወሰ ልፈፋውን አመነ፤ ካላመነም ዝም አለ። ኬሰል ለወረራ መንገድ ልጥረግ ብሎ አልጻፈም፤ የጻፈው ግን መንገድ ለሚጠርጉት ጠቀማቸው። በእኔ ዕይታ በውይይቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፦ እውነት የሆነ ነገር በማን እጅ ሲገባ መሣሪያ ይሆናል?

ስለ መሣሪያ ከተነሣ፣ በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ የጦር መሣሪያ የጫነ የግመል ቅፍለት እንደ ታላቅ ጀብዱ ይቀርባል፤ በረሃውን አቋርጦ ጠብመንጃ የሚያስገባው ፈረንጅ ጀግና ነው፤ የሚቀበለው የአገሬው ሰው ግን መሣሪያውን ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። ለእኛ ግን ነገሩ የህልውና ጉዳይ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠብመንጃ አምጥቶ ሸጧል፤ በዚያው በር ባለፉት ዓመታት የገባው መሣሪያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ምን እንደሠራ ማንም አይስተውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ኃያላኑ ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ በስምምነት ገደቡ፤ ኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ መግዛት የምትችልበት ውል ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው በ1930 ነው። በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ በሩ እንደገና ተዘጋባት። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ኮንትሮባንድ ተብሎ የሚታየው ሥራ፣ ከእኛ በኩል ሲታይ፣ ራሱን መከላከል የተከለከለ አገር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነበር። ይህን ያወቀ ወጣት ፊልሙን በሌላ ዓይን ያየዋል።

እንግዲህ ምክሬ አሳዩት ነው። ነገር ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው፣ የዚህ ዓይነት ፊልም አደጋ ያለው በውበቱ ስለሆነ፣ ንግግሩ ከፊልሙ በኋላ ብቻ ሳይሆን በፊትም ይሁን። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ፈረሱ ፈጣን ነው፣ ሙዚቃው ደም ያሞቃል፤ ተመልካቹ ሳያስበው ከፈረሰኛው ጋር ይጋልባል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፊልሙ የተሠራው በሲኒማስኮፕ ነው፤ ሲኒማስኮፕ ደግሞ አንሪ ክሬቲየን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1920ዎቹ በሠራው ሌንስ ላይ የተመሠረተ ነው። ሌንሱ ሰፊውን ዕይታ ጨምቆ በተለመደው የፊልም ጥቅል ላይ ያስቀምጣል፤ በማሳያ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል፤ በዚህም የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። አሜሪካኖች በ1953 ለገበያ ካወጡት በኋላ የፈረንሳይ አዘጋጆች በረሃና ባሕር የሚታይበትን ታሪክ ማሳደድ የጀመሩት ስፋቱን የሚሞላ ነገር ስለፈለጉ ጭምር ነው። እናም በአዳራሻችሁ ስታሳዩት የምስሉ ግራና ቀኝ ያልተቆረጠበትን ቅጂ ፈልጉ፤ የተቆረጠው ላይ ዋናው ተዋናይ መካከል ላይ ይቀርና፣ ዳር ላይ ጭነት ተሸክመው የሚያልፉት፣ መረብ የሚጎትቱት፣ ግመል የሚስቡት ሰዎች ይጠፋሉ። ወጣቶቹ አተኩረው እንዲያዩ የምንፈልጋቸው ደግሞ እነርሱኑ ነው።

አባታችንን በተመለከተ፣ ማስቀየም የማይቀር አይመስለኝም። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ ወረራው ዘመን የሚያውቁትን ለወጣቶቹ እንዲናገሩ በክብር ይጋብዟቸው። ተቃውሟቸውን በአደባባይ ተናግረው ቢወጡ እንኳ፣ ወጣቶቹ ያንን ሰምተው ማየታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ ጥቂት የፈረንሳይ ፊልሞችን ተመልክቻለሁ፤ በሁሉም ላይ አፍሪካዊው ይሸከማል፣ ይመራል፣ ይሞታል፤ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ዘመን አፍሪካውያን ራሳቸው ፊልም የማይሠሩት ለምን ነበር? ፍላጎት ስለሌላቸው ነውን?

መልስ፦ ፍላጎት ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ፈቃድ ነው። በ1934 የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ፒየር ላቫል ያወጣው ድንጋጌ፣ በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ማንም ሰው ፊልም ለመቅረጽ ቢፈልግ አስቀድሞ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የፊልሙም ጽሑፍ እንዲመረመር ያስገድድ ነበር። የጀብዱ ፊልም ሠሪው ያለ ችግር ካሜራውን ይዞ ሲገባ፣ የአገሬው ልጅ በገዛ መንደሩ ካሜራ ማቆም አይችልም ነበር ማለት ነው። እርስዎ ያስተዋሉት ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው።

ድንጋጌው በፈረንሳዮቹም ላይ ይሠራ ነበር። ገና ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ረኔ ቮትየ በምዕራብ አፍሪካ ስላለው የመንደር ኑሮ ትምህርታዊ ፊልም እንዲሠራ ተልኮ ሄደ፤ እዚያ ግን የተቃጠሉ ቤቶችንና የግዳጅ ሥራን አየ፣ ያየውንም ቀረጸ። ከጥቅሎቹ አብዛኞቹ ተያዙበት፤ በቀሩት «አፍሪክ 50» የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ፤ በዚህም ምክንያት በላቫል ድንጋጌ ተከስሶ ታሰረ። ፊልሙ በፈረንሳይ ከአርባ ዓመት በላይ ታግዶ ቆየ። ክሪስ ማርከርና አለን ረኔ በ1953 ስለ አፍሪካ ቅርጻ ቅርጾች የሠሩት ፊልምም ከፊሉ ለዓመታት እንዳይታይ ተከልክሏል።

አሁን ወደ 1955 ይመለሱ፤ «ፎርቱን ካሬ» የወጣበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ፖሊን ሱማኑ ቪየራ የተባለ፣ በፓሪስ የፊልም ትምህርት ቤት ተምሮ የተመረቀ አፍሪካዊ፣ ከጓደኞቹ ጋር «አፍሪክ ሱር ሴን» የተባለውን ፊልም ሠራ። በአፍሪካ ምድር እንዲቀርጹ ስላልተፈቀደላቸው ካሜራቸውን ያቆሙት በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ነው፤ በዚያ ከተማ የሚኖሩትን አፍሪካውያን ተማሪዎችና ሠራተኞች ቀረጹ። በአንድ ዓመት ውስጥ አውሮፓዊው ስለ ቀይ ባሕር በሰፊ ስክሪን በቀለም ይተርካል፤ አፍሪካዊው ግን በገዛ አህጉሩ ላይ መቅረጽ ተከልክሎ በሴን ወንዝ ዳር አጭር ፊልም ይሠራል። ሁለቱን በተከታታይ ሊያዩ ቢችሉ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ያገኙበታል።

ቅኝ ግዛት ካበቃ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1963 «ቦሮም ሳሬት»ን ሠራ፤ በዳካር ከተማ የአንድ ጋሪ ነጂን ውሎ የሚያሳይ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው፤ ጋሪ ነጂው ሐሳቡን በራሱ ድምፅ ይተርካል። በ1966 ደግሞ አንዲት ሴኔጋላዊት የቤት ሠራተኛ በፈረንሳይ የደረሰባትን የሚተርክ ፊልም አወጣ። በእኛ አገር «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ፊልም የመጣው በዚሁ በ1960ዎቹ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ በአማርኛ የሚናገሩ ገበሬዎችን ፊት ለፊት አምጥቶ ያሳየ ነው፤ ማረሱን፣ መጎንበሱን፣ የባለርስቱን ጩኸት ሳያቻኩል፣ በገበሬው ፍጥነት ያሳያል። በጀብዱ ፊልም ጥግ ላይ ሲያልፍ ያዩት ሰው እዚህ የታሪኩ ባለቤት ሆኖ ያገኙታል።

ሌላ የፈረንሳይ ፊልም ልጨምርልዎ። በ1961 ዴኒ ደ ላ ፓተሊየር ያዘጋጀው፣ ሊኖ ቬንቱራ፣ ሻርል አዝናቩርና ሃርዲ ክሩገር የተወኑበት «ታክሲ ወደ ጦብሩክ» በ1942 በሊቢያ በረሃ የጠፉ የፈረንሳይ ወታደሮችንና የማረኩትን ጀርመናዊ መኮንን ይተርካል። ስለ ጦርነት ከንቱነት ያለው ሐሳብ ልብ የሚነካ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በረሃው ግን ሊቢያ አይደለም፤ የተቀረጸው በደቡብ ስፔን በአልሜሪያ ነው። የሊቢያ ሰውም በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም፤ አውሮፓውያኑ የሚጋደሉበት አሸዋ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከሕዝቡ የተራቆተ መልክዓ ምድር፣ ጥሩ በሆነው ፊልም ላይ እንኳ፣ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያስተውሉበት።

ጥያቄ፦ የዘጌ ልጅ ነኝ። አያቴ በወጣትነቱ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ያደርስ ነበር። ከጣና ወደ ውጭ አገር የሄደ ደንገል በአንድ የጀብዱ ፊልም ላይ ታይቷል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን? ፊልሙስ የፈረንሳይ ነውን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ፊልሙ ግን የፈረንሳይ አይደለም፤ ልብ ወለድም አይደለም። ኖርዌያዊው ቶር ኄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ባሰበ ጊዜ፣ በቂ ደንገል ያገኘው ከጣና ሐይቅ ነው። ከእኛ ዳርቻ የታጨደው ደንገል ወደ ግብፅ ተወስዶ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ የታንኳ ሠሪዎች እጅ ታስሮ «ራ» የተባለችው መርከብ ሆነ። በ1969 ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥታ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ ስለሄደ ተሳፋሪዎቿ ጥለዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት የተሠራችው «ራ 2» ግን ባርባዶስ ደረሰች። ስለ ጉዞው የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካው የኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር።

አያትዎ ይህን ሲሰሙ የሚገረሙ አይመስለኝም። ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ታንኳም ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥታ በፀሐይ ካልደረቀች እየከበደች እንደምትሄድ፣ እስሩም እርጥበት ሲገባው እንደሚላላ የጣና ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆዩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን ከሌሎቹ የጀብዱ ፊልሞች ይለየዋል፦ ከ«ራ» መርከበኞች አንዱ አብዱላህ ጅብሪን የተባለ የቻድ ሰው ነበር፤ ስሙም ከሌሎቹ ጋር እኩል ተመዝግቧል። ደንገሉን ያጨዱት የጣና ሰዎች ግን በስም አይታወቁም። አያትዎ ወይም እኩዮቻቸው በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ለፈረንጅ ደንገል ያጨዱ ሰዎችን የሚያስታውሱ ከሆነ፣ ስማቸውንና የሰሙትን ጽፈው ቢልኩልን በቀጣይ እትም እናወጣዋለን።